ሠላሳ ደቂቃዬን ስለ አለመስጠቴ፦ ለገበያ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የገበያ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ፤
በቢሮዎ፣ በቢሮዎ ከሌሉም በሚያርፉበት ሥፍራ ሁሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንዲሁም ከመንፈስ ማደሻው ጉዞ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎዎት ትንሽ ተጣሞ ነበር የተባለው አንገትዎ፣ ሁሉም ወደ ቦታቸው እንደ ተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሁለተኛው ፎቅ በሱቅ ቁጥር ሃያ ሰባት የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጠው ነጋዴ እጅግ ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኔን ብቻ ሳይሆን መኖሬን ጭምር በጽሑፍ ማረጋገጥ ግድ የሆነብኝ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ እንደ ጠፋሁ ስለ ተጻፈ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ባለማኅተም ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። የሱቅ ቁጥር ሃያ ሰባት ባለቤት ሱቋን ጥላ የጠፋች መሆኗ በሦስት ተከታታይ ቁጥጥር ስለ ተረጋገጠ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ለማንኛውም ምክንያት ከሱቋ ደጃፍ ላትለይ የግዴታ ቅጽ ካልፈረመች፣ ሱቁ ታሽጎ ለሌላ ተከራይ እንደሚሰጥ ይገልጻል። በመነጽር አነበብኩት፤ መነጽሬን አውልቄም አነበብኩት፤ አልተለወጠም። ስለዚህ ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰው የራሱን መጥፋት ቆሞ፣ ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ በማኅተም ተረጋግጦ የሚያነብበት ዕድል ለብዙዎች አይገጥምም።

አሥሩ ቀን የሚያልቀው ነገ ሐሙስ ነው። መልሴን በእጅዎ ላስረክብ ያደረግሁት ሙከራ ከዚህ በታች በሚያነቡት ምክንያት ስላልተሳካልኝ፣ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። እኔ ማስታወሻ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ዕለቱን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል እጽፋለሁ። ነጋዴ የሰማውን ሁሉ በልቡ ልያዝ ካለ ልቡ መጋዘን ይሆንበታል። ስለዚህ የምዘረዝረው ከደብተሬ የተቀዳ እንጂ ንዴት የወለደው አይደለም፤ ንዴት በእኛ ፎቅ ገዢ የለውም።

አንደኛ፤ ስለ መጥፋቴ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በእኛ ሕንጻ አንድ ነጋዴ ለጥቂት ጊዜ ከሱቁ ሲወጣ በሩን አይቆልፍም፤ የሥራ ዕቃውን በደጃፉ ላይ ያጋድማል። እኔ የእንጨት ሜትሬን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድማለሁ፤ ባለቁልፉ ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ልብስ ሰፊዋ የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ታቆማለች። ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ይመለሳል፣ እስከዚያው ጎረቤት አለ። በዚህ ፎቅ በኖርኩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያንን ሜትር ተራምዶ የገባ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ ኪስ ሲያወልቅ የተደረሰበት ሌባ በኮሪደሩ ሲሸሽ እንኳ፣ ሰው የሌለበትን ሱቄን አልፎ በደረጃው ወርዶ ተያዘ። ሲጠየቅም «ሜትሩ ተጋድሟል እኮ!» ብሎ ተቆጣ።

አዲሱ ተቆጣጣሪዎ ግን ከሌባው ያነሰ ልምድ ይዘው መጡ፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። የዛሬ ወር ገደማ ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሱቄ ደጃፍ ቆመው «ባለቤት የለም?» ሲሉ፣ ጎረቤቴ ባለቀለሙ፣ ምላሱ ከብሩሹ የሚረዝም ሰው፣ «አለች እንጂ ወንድሜ፣ አሁን ትመጣለች። ምን ልለካልዎ?» አላቸው። ተቆጣጣሪዎም ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ ጠየቁ። ባለቀለሙ ሜትሬን አነሣ፣ ስድስት ሜትር ለካ፣ ቆረጠ፣ ጠቀለለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ሰጠ፣ ሜትሩን መልሶ አጋደመ። ተቆጣጣሪዎ አመስግነው ጨርቁን በብብታቸው ይዘው ቅጻቸውን አወጡና ምን ጻፉ? «ባለቤቷ ጠፍታለች፤ ሱቁን አንድ የቀለም ነጋዴ ይዞታል።» የቅጹ ግልባጭ ከማስታወቂያው ጋር ስለ ተያያዘልኝ ቃሉን እንዳለ ነው የጠቀስኩት።

ያ ጨርቅ ዛሬ በቢሮዎ መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ዓይንዎን እንዳትወጋ ሲከላከል በማየቴ ኮርቻለሁ። የተሰቀለው ግን ተገልብጦ ነው፤ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ጀርባው ወደ እርስዎ። የጠፋሁበት ሲገኝ መጥቼ በነጻ አስተካክልልዎታለሁ።

የቀሩት ሁለት ቁጥጥሮችም በዚያው በስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተደርገዋል። በቀን አሥር ሰዓት እሠራለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩሉን ተቆጣጣሪዎን ተቀምጬ ስጠብቅ አልመጡም። ሦስቱንም ጊዜ ያችኑ ግማሽ ሰዓት መርጠው መምጣታቸውን ብልሃት ነው ብዬ ነበር። በኋላ ግን ጽሕፈት ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ መሄጃ ስለሚያጡ እንደሚዞሩ ሰማሁና አዘንኩላቸው።

ሁለተኛ፤ ወዴት እንደምጠፋ።

ወደ ላይ ነው የምጠፋው፤ ወደ ጣሪያው። የውሃ ታንከር፣ የተሰባበሩ ወንበሮችና የዛጉ የሳተላይት ሳህኖች ያሉበት ሰገነት ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ታንከሩን ሃያ ጊዜ እንዞራለን። በአራት ሰው ተጀመረ፤ ዛሬ አሥራ አራት ነን። አሠልጣኛችን የፍራሽ ነጋዴው ነው፤ ክብደቱ እኛ የማናነሣው ስለ ሆነ «ላባ» እንለዋለን። «እጅ ወደ ላይ! ሰማዩን ግፉት!» ብሎ ሲጮህ የራሱ እጅ ከጆሮው አያልፍም። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ሰማዩን ተወውና መጀመሪያ ሆድህን ግፋው» ስትለው፣ «እሱማ የሱቄ ማስታወቂያ ነው እቴ፤ ፍራሼ መመቸቱን በምን ይወቁልኝ?» ይላል። እንዲህ እየተሳሳቅን ዞረን፣ ላባችንን ጠርገን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሁላችንም ደጃፋችን ላይ ነን። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ላይ የሚነጫነጭ ነጋዴ በፎቃችን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ይህኛው መጥፋት ግን በመዝገብዎ አልሰፈረም።

ለምን እንደ ጀመርነው ካልነገርኩዎ ጨዋታ ይመስልዎታል። ከእኔ በፊት ሱቅ ቁጥር ሃያ ሰባትን ለሃያ አንድ ዓመት የያዘችው ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ ምሳዋን ቆማ በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ትበላ ነበር። ለአፍታ ወጣ በይ ስትባል «ደንበኛ ቢመጣስ?» ትላለች። ሜትሩን አጋድማ አታውቅም፤ እሷ ራሷ ነበረች በደጃፉ የተጋደመችው። ዛሬ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ከመኝታ ቤት እስከ መስኮቱ ወንበር ያለችው ስምንት እርምጃ ጠዋቷን ትወስዳለች። የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩላት ቀን የተናገረችውን ጽፌዋለሁ። «እኔ ሱቁን ጠበቅሁት፤ ሱቁ ግን ጉልበቴን አልጠበቀልኝም።»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የእርስዎ ቅጽ የሚፈልጋት ተከራይ እሷ ነበረች። ጽሕፈት ቤትዎ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ የምስጋና ደብዳቤ አልጻፈላትም። ሲያስታውሷት ግን ቅጹን ለእኔ ላኩ።

ሦስተኛ፤ መልሴን ላስረክብ ስለ ተመላለስኩባቸው ሰባት ጉዞዎች።

ደብተሬ እንዲህ ይላል። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፤ በሩ ዝግ፣ «ለሻይ ወጥተናል» የሚል ወረቀት። ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ከአርባ፤ ወረቀቱ አልተነሣም፣ ሻዩ ትኩስ ሳይሆን አልቀረም። ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ «የሠራተኞች የአካል ብቃት ሰዓት ስለሆነ አገልግሎት አንሰጥም»። ከአዳራሹ ሳቅና ጭብጨባ ይሰማል፤ እሰይ ብዬ ተመለስኩ። ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ፤ ምሳ፤ ከስድስት እስከ ስምንት። የጥበቃው አባት አዝነውልኝ «ልጄ፣ ቁጭ በይና ጠብቂ፤ እነሱስ ቁጭ ብለው አይደል?» አሉኝ። ዓርብ፤ ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ «ሥራንና ዕረፍትን ስለ ማመጣጠን» ለሁለት ቀን ሥልጠና ከከተማ ወጥቷል። ሰኞ፤ ከሥልጠናው ድካም ለማገገም ዝግ። ማክሰኞ፣ ማለትም ትናንት፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ በሩ ተከፍቶ ጸሐፊዎን አገኘኋት። ደብዳቤ የሚቀበለው ባልደረባ ግን የዓመት ዕረፍት ላይ ነው፤ የሚመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ቅጹ ላይ ያለው «ለማንኛውም ምክንያት» የሚለው ቃል መጸዳጃ ቤትን ይጨምር እንደሆነ በዚያው ጠየቅኋት። ወለሉን እያየች ቅጹን መለሰችልኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ደመወዝ ይጨመርላት።

በሠላሳ ደቂቃ ዕረፍቴ ምክንያት ከሱቁ ጠፍታለች የተባልኩት ሴት፣ በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ከሱቄ በእርግጥ የጠፋሁት እርስዎን ስፈልግ መሆኑን በትሕትና አስመዘግባለሁ።

አራተኛ፤ ባለፈው ሐሙስ በጣሪያው በር ላይ «ለደኅንነት ሲባል» ስለ ተንጠለጠለው ቁልፍ። ቁልፉ የተገዛው ከኛው ባለቁልፍ ነው፤ ከእኛ ጋር ታንከሩን ከሚዞረው ሰው። ቁልፎቹን ሁሉ ቆጥሮ ለጽሕፈት ቤትዎ አስረክቧል፤ አንድም አላስቀረልንም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ በመሆኑ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን አኮረፈችው። እኛም ጣሪያው ሲዘጋብን ወደ ደረጃው ገባን፤ ከምድር ቤት እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ስድስት ዙር። ደረጃ ከጣሪያ ይልቅ እጅግ የላቀ ላብ ያወጣል፤ ይህንን ማን አስቦልን ያውቃል? ብቸኛው ሥጋቴ ደረጃው የሚያልፈው በቢሮዎ በር መሆኑና የሃያ ስምንት እግር ኮቴ፣ በተለይ የላባ፣ የምሳ ሰዓት ጸጥታዎን እንዳይነካ ነው። ነክቶ ከሆነ የጣሪያው ቁልፍ ያለው በእጅዎ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ቅጹን አልፈርምም።

አልፈርምም የምለው ስላልገባኝ አይደለም። የኪራይ ውላችንንም ቅጹንም ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤያለሁ። ውሉ ሱቁ በሥራ ሰዓት ለደንበኛ አገልግሎት ይስጥ ይላል እንጂ ነጋዴዋ እንደ ምስማር በሩ ላይ ትመታ አይልም። አገልግሎቱ ለመሰጠቱም ደንበኛ ሆነው የተስተናገዱት ተቆጣጣሪዎ ምስክሬ ናቸው፤ ደረሰኙም በእጃቸው ነው።

ብፈርም ሱቁ እንደሚተርፍልኝ አውቃለሁ። አልዋሽዎትም፣ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁበት ደጃፍ ነው፤ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲድሩ ለልጆቹ ቤት መጋረጃ የሚገዙት ከእኔ ነው፤ ሌላ ሱቅ ብከራይ ግማሾቹ አያገኙኝም። ግን ነጋዴ ግራና ቀኙን አይቶ ነው የሚወስነው። በአንድ ወገን ሱቅ አለ፣ በሌላው ወገን በመስኮቱ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠች እህቴ አለች። ሱቅ ቢሄድ ሌላ ይከራዩታል፤ ጉልበት የሚያከራይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእርስዎን ዕረፍት አልመቀኝም፤ ይህን እንዲያምኑኝ እለምናለሁ። ሻዩንም ይጠጡ፣ ጉዞውንም ይሂዱ፣ መጋረጃውንም ዘግተው ጋደም ይበሉ፤ ሰው ነዎት፣ ይደክማሉ። የማልቀበለው በመጀመሪያው ፎቅ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጤና የተባለ ነገር፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን መጥፋት መባሉን ነው።

አሻጊዎችዎ ነገ በስድስት ሰዓት ተኩል እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። በሰላም ይምጡ። አናግድም፣ አንጮህም፣ አንለምንም። እኔ ማንንም አልቀሰቀስኩም፤ ለባለቀለሙ ብቻ ነበር የነገርኩት፣ እሱ ግን ለአንድ ሰው ነግሮ የሚያቆም ሰው ባለመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ቀትር ድረስ የሠላሳ ሁለት ሱቅ ባለቤቶች በዚያች ሰዓት ዕቃቸውን በደጃፋቸው ለማጋደም ተስማምተዋል። ላባማ «እትዬ፣ አንቺን ካሸጉ እኔ ሰፊውን ፍራሽ ደጃፍሽ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ ዕረፍት ምን እንደሚመስል ቀርበው ይዩት» ብሏል። ስለዚህ የማሸጊያው ሰም ለሠላሳ ሁለት በር እንዲበቃ ሆኖ ይዘጋጅ። እኛ በሰባት ሰዓት ከደረጃው ወርደን ሱቆቻችን ታሽገው ካገኘን፣ እያንዳንዳችን በርጩማችንን አውጥተን በታሸገው በራችን ፊት እንቀመጣለን፤ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ በጨዋነት፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ገበያው በክቡር ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ዕረፍት ላይ መሆኑን እናስረዳለን። እኔ የጠየቅሁት ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰጡን ከሆነ ልግስናዎን ዳኛ ፊት ቀርበን እናመሰግናለን።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና መልካም ዕረፍትዎን እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣ በሁለት እግሯ ቆማ የጻፈችልዎ፤

በመዝገብዎ የጠፋች፣ በሱቋ የምትገኝ፣
የሱቅ ቁጥር ሃያ ሰባት ተከራይ።

ግልባጭ፤
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤
ለባለቀለሙ፣ ስለዚህም ለሁሉም።

ማሳሰቢያ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ሁለቱ ትናንት ደረጃውን ከእኛ ጋር ወጥተው ወርደዋል፤ ዛሬም ተመልሰው መጥተዋል፤ ስማቸውን ከእኔ አይሰሙም። እናንተ የራሳችሁ የስፖርት ሰዓት አላችሁ፣ እኛ ዘንድ ምን አመጣችሁ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በየሳምንቱ ረቡዕ በጠረጴዛ ቴኒስ ለእርስዎ አውቀው ሲሸነፉ አራት ዓመት እንደ ሆናቸው፣ እስካሁንም አንድ ቀን እንኳ እንዳላላባቸው ነግረውኛል።